ካንዴላ፣ ማግኔቶና ሁለተኛው የመተማ ጦርነት

መተማ ሲባል አብዛኞቻችን ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው አንድ ስዕል ነው። አጼ ዮሐንስ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም.፣ ድርቡሽ፣ የተቆረጠው የንጉሡ ራስ። ከዚያ በኋላ የመተማ ታሪክ ከትምህርት ቤት መጽሐፋችን ውስጥ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ከተማዋም «መተማ ዮሐንስ» ተብላ የንጉሡን ስም ይዛ ቀረች፤ እኛም ምዕራፉን እዚያው ላይ ዘጋነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌላኛው የመተማ ጦርነት ነው። ንጉሥ ስላልወደቀበት ሙሾ ያልወረደለት ጦርነት። የተካሄደው ጥቅምት 27 እና 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በአንድ ወገን ጣሊያን፣ በሌላው ወገን እንግሊዝ። «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ መሬቱ የእኛ ነው። ሁለተኛ፣ በጣሊያን በኩል ምሽግ ይዘው ከተዋጉት ብዙዎቹ አስካሪ የሚባሉት፣ ከዚሁ ከአፍሪካ ቀንድ የተመለመሉ ልጆች ናቸው። ሦስተኛው ምክንያት ግን እኔን ወደዚህ ጽሑፍ የጎተተኝ ነው። ያንን ጦርነት ያበላሸው የጀግና እጥረት አልነበረም። የተበጠሰ የታንክ ሰንሰለት፣ የተቃጠለ መለዋወጫና ተበታትነው የመጡ አውሮፕላኖች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ወሩ ሳያልቅ፣ ሰኔ 27 ቀን፣ ከመተማ ተነስቶ ገላባትን ያዘ። ቦታውን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ገላባትና መተማ ተቃቅፈው የተቀመጡ ያህል ናቸው። መሃላቸው ያለው ድንበር ክረምት ካልሆነ በቀር ውኃ የማይታይበት ወንዝ ነው። እንግሊዞች ገላባትን ለማስመለስ፣ ቢቻልም መተማን ለመያዝ፣ 10ኛውን የሕንድ ብርጌድ ላኩ። አዛዡ ዊልያም ስሊም ይባላል። ይህ ሰው ኋላ በርማ ላይ ጃፓንን አሸንፎ ፊልድ ማርሻል የሆነው ስሊም ነው። መተማ ላይ ሲመጣ ግን ገና ብርጋዴር ነበር።

ስሊም 12 ታንኮች ነበሩት፤ ስድስቱ ቀላል፣ ስድስቱ ከበድ ያሉ። ጥቅምት 27 ጎህ ሲቀድ አውሮፕላኖች የገላባትን ምሽግ ደበደቡ፣ መድፍ ተከተለ፣ ከዚያ ታንኮቹና የጋርዋል እግረኞች ገቡ። ገና በማለዳው ምሽጉ ተያዘ። እስከዚህ ድረስ ድል ነው።

ቀጥሎ ተራው የመተማ ነበር። መተማ ዙሪያዋን በእሾህ ሽቦ ታጥራለች። ያንን ሽቦ ለመጣስ ደግሞ ታንክ የግድ ነው። ታንኮቹስ? ከ12ቱ 9ኙ ቆመዋል። አብዛኞቹን ያቆማቸው የጠላት መድፍ አይደለም። የተቀበረ ፈንጂና የመተማ ቋጥኝ ሰንሰለታቸውን በጣጥሶት ነው። ሰንሰለት ደግሞ ይጠገናል፣ ይቀጠላል። ጠጋኞች አሉ፣ መለዋወጫም መጥቷል። ግን መለዋወጫውን የጫነው ካሚዮን በጣሊያን ቦምብ ተመታ። አለቀ። ከዚያ በኋላ እነዚያ ዘጠኝ ታንኮች የትም የማይሄዱ የብረት ቤቶች ሆኑ።

ሰማይ ላይ ደግሞ የባሰ ሆነ። የጣሊያን ፊያት ሲ.አር.42 ተዋጊዎች በርከት ብለው መጡ። የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ግላዲያተሮች ግን አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እያሉ ነበር የሚደርሱት። ሁለቱም ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አሮጌ ዘዬ አውሮፕላኖች ናቸው፤ ብዙም አይበላለጡም። አንድ ለአንድ ቢሆን ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም። አንድ ለአምስት ሲሆን ግን ይታወቃል። በርካታ ግላዲያተሮች በዚያ ቀን ወደቁ፤ የደቡብ አፍሪካ ስኳድሮን አዛዥ የነበረው ሻለቃ ቫን ስካልክዋይክም እዚያው ሞተ። ሰማዩ የጣሊያን ሆነ። ቦምብ ጣዮች እየተመላለሱ ድንጋያማውን ኮረብታ ቀጠቀጡት። ጉድጓድ ለመቆፈር እንኳ የማይመች መሬት ላይ የተቀመጠው ጦር ድንጋጤ ገባው። ስሊም በሁለተኛው ቀን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፈው ማስታወሻ ስለዚያ ቀን ራሱን ወቅሷል። የሚገርም ሰው ነው፤ የእኛ አገር ጄኔራሎች ማስታወሻ ሲጽፉ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። የግላዲያተሮቹ ተነጣጥሎ መምጣት የመካኒክ ጥፋት አልነበረም፤ የአዛዦች ነው። ግን አስቡት። በሺህ ኪሎ ሜትር በሚለካ ድንበር ላይ ጥቂት ተዋጊ አውሮፕላን ብቻ ያለው ሠራዊት፣ አንዷ አውሮፕላን ጋራዥ በገባች ቁጥር ሰማዩ ላይ ቀዳዳ ይከፈትበታል። ያቺን አውሮፕላን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለመብረር የሚያበቃት አብራሪው አይደለም። ከአብራሪው ሁለት ሰዓት ቀድሞ የተነሳ፣ እጁ ግራሶ የነካው፣ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ የማይገባ ሰው ነው። ያ ሰው በየማለዳው ከሚፈትሻቸው ነገሮች አንዷ ማግኔቶ ናት።

ማግኔቶን ለማወቅ የድሮ ብስክሌት ዲናሞ አስታውሱ። ጎማው ላይ ተደግፋ የምትሽከረከረው፣ ስትሮጥ መብራቱን የምታበራው፣ ስትቆም የምታጠፋው። ውስጧ ምንም ተአምር የለም። ማግኔት አለ፣ በዙሪያው የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ማግኔቱ ሲዞር ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሳል። ማግኔቱ ከቆመ ኤሌክትሪኩ የለም። ይህን ያገኘው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1831። የመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ውስጥ ተለማማጅ ሆኖ ያደገ፣ ሂሳብ እንኳ በደንብ ያልተማረ ሰው። ከእሱ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስቴድ የተገላቢጦሹን አይቶ ነበር፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ ያወዛውዛል። እንግዲህ ኤሌክትሪክና ማግኔት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው የታወቀው ያኔ ነው። ዋናው ቃል «መለወጥ» ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት ሽቦን አያነቃም፤ የሚያነቃው የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ ኃይል ነው።

የአውሮፕላን ማግኔቶ ይህንኑ ዲናሞ ወስዳ አንድ ብልሃት ጨመረችበት። በአንድ ብረት ላይ ሁለት ሽቦ ይጠቀለላል። አንዱ ወፍራም ሆኖ ዙሩ ጥቂት ነው፤ ሌላው ቀጭን ሆኖ ዙሩ በሺዎች ይቆጠራል። ሞተሩ ማግኔቱን ሲያዞረው ወፍራሙ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሮጣል። ልክ በሚገባው ቅጽበት ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ይላቀቁና ያንን ኤሌክትሪክ ድንገት ይቆርጡታል። የመግነጢሱ ኃይል በአንዴ ይፈርሳል። ያ ድንገተኛ ለውጥ ቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከአስር ሺህ ቮልት የሚበልጥ ኃይል ያስነሳል። ይህ ኃይል ወደ ካንዴላው ይሄድና ጫፉ ላይ ብልጭ ይላል፣ ቤንዚኑ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ሞተሩ ደግሞ መልሶ ማግኔቱን ያዞራል። ባትሪ አያስፈልጋትም! ባትሪው ቢሞት፣ መብራቱ ሁሉ ቢጠፋ፣ ፕሮፔለሩ እየዞረ እስከሆነ ድረስ ብልጭታው አይቋረጥም። አውሮፕላን ሠሪዎች የወደዷት በዚህ ነው።

ያም ሆኖ አንዷን ብቻ አላመኗትም። እያንዳንዱ ሞተር ሁለት ማግኔቶ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው። የግላዲያተር ሞተር ዘጠኝ ሲሊንደር ነው፤ ስለዚህ 18 ካንዴላ። የሲ.አር.42 ሞተር አስራ አራት ነው፤ 28 ካንዴላ። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት አንዷን ማግኔቶ ያጠፋል፣ የሞተሩ ዙር በትንሹ ዝቅ ሲል ያያል፣ ይመልሳታል፤ ከዚያ ሌላኛዋን። ዙሩ ከልክ በላይ ከወረደ በረራ የለም። ይህ ፍተሻ ዛሬም በፒስተን ሞተር በሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ይደረጋል።

አንድ የምታስደነግጥ ነገር ልጨምር። የቤታችሁን መብራት ስታጠፉ ሽቦውን ትቆርጣላችሁ። ማግኔቶ ግን የምትጠፋው በተቃራኒው ነው፤ ማጥፊያው ሽቦዋን ከሞተሩ ብረት ጋር በማገናኘት ኃይሏን መሬት ያስይዘዋል። እንግዲህ ያቺ የማጥፊያ ሽቦ ብትበጠስስ? ማብሪያና ማጥፊያው «ጠፍቷል» ይላል፤ ማግኔቶዋ ግን ነቅታለች። መካኒኩ ፕሮፔለሩን በእጁ ገፋ ሲያደርገው ማግኔቱ ይዞራል፣ ካንዴላው ብልጭ ይላል፣ ሞተሩ ድንገት ይነሳል። በዚህ መንገድ እጃቸውንም ሕይወታቸውንም ያጡ መካኒኮች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም። «የቆመ ፕሮፔለርን እንደሚዞር ቁጠረው» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ይህንን ሁሉ ወስዳችሁ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ላይ አስቀምጡት። አቧራ በነጥቦቹ መሃል ይገባል። ሙቀት የሽቦውን መሸፈኛ ያደርቃል። ክረምት ሲመጣ እርጥበቱ ለኤሌክትሪኩ አቋራጭ መንገድ ይከፍትለታል፤ ብልጭታው ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በየመንገዱ ይፈሳል። ከፍ ብለው ሲበሩ ደግሞ አየሩ ይሳሳና ማግኔቶዋ ውስጥ ራሷ ብልጭ ትላለች። ጠላት አንድ ብቻ አልነበረም ለማለት ነው።

ስሊም ከሄደ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ጥር 1933 መጨረሻ ላይ ጣሊያኖች መተማን ራሳቸው ለቀው በጎንደር መንገድ አፈገፈጉ። መንገዱን ግን በፈንጂ ዘርተውት ነው የሄዱት። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የሚባል ወጣት የሕንድ መሐንዲስ መኮንን አራት ቀን ያህል እየመራ፣ የሚሄድበት ተሽከርካሪ ከሥሩ እየፈነዳበት፣ በ55 ማይል መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ቀጠናዎችን አጸዳ። የእንግሊዝን ከፍተኛ ሜዳሊያ፣ ቪክቶሪያ ክሮስን አገኘ። በዚያ ጦርነት ይህን ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው የሕንድ መኮንን ነው። ፈንጂውን የሚፈልገው በዓይኑና በእጁ ነበር። በእጅ ተይዞ መሬት ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸው መሣሪያ፣ በዚያው በፋራዴይ ሕግ የሚሠራው፣ በአንድ የፖላንድ መኮንን ተሠርቶ ለሠራዊት የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በአውቶቡስ ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ ሰው በባጋት መንገድ ነው የሚያልፈው። ሐውልት ግን አትፈልጉ።

መተማ ላይ ያልሆነው ነገር ቀይ ባሕር ላይ ሆነ። የመተማው ጦርነት ካለቀ አምስት ቀን ሳይሞላ፣ ኅዳር 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከመርከብ የተነሱ ሶርድፊሽ የሚባሉ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች የጣሊያንን ታላላቅ የጦር መርከቦች ታራንቶ ወደብ ላይ መቷቸው። ሶርድፊሽ በጨርቅ የተሸፈነች፣ ቀርፋፋ ባለ ድርብ ክንፍ ናት፤ ሞተሯ የግላዲያተሩ ሞተር ወንድም ነው፣ ያው ዘጠኝ ሲሊንደር፣ ያው ሁለት ማግኔቶ። ሞተሩን ለማስነሳት ሁለት ሰዎች ጎኗ ላይ ወጥተው በእጅ ማዞሪያ ያዞሩታል።

በዚያ ሌሊት መገኘት የነበረበት «ኢግል» የሚባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አልተገኘም። ለምን? አቅራቢያው የወደቁ ቦምቦች የነዳጅ ቧንቧዎቹን ስለጎዱበት ጥገና ላይ ነበር። አውሮፕላኖቹን ብቻ ለሌላ መርከብ አዋሰ። ይኸው ኢግል በ1933 የካቲትና መጋቢት ላይ በስዊዝ ቦይ ወደ ደቡብ ሊያልፍ ሲል እንደገና ታገደ። ይህን ጊዜ ያገደው ማግኔት ነው። ጀርመኖች ከአውሮፕላን ቦዩ ውስጥ የጣሏቸው ፈንጂዎች መርከብ እስኪነካቸው አይጠብቁም። መርከብ ትልቅ ብረት ነው፤ ሲሠራ ጀምሮ ምድር ራሷ በመግነጢሷ ታገነጥሰዋለች። መርከቡ በላዩ ሲያልፍ ፈንጂው ውስጥ ያለው መርፌ ይነቃነቃል፣ ከዚያ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። እንግሊዞች ለዚህ መድኃኒት ያገኙት እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የመርከቡን ወገብ በኤሌክትሪክ ሽቦ ታጥቀው የራሱን መግነጢስ አጠፉለት። አልፈው ተርፈውም አውሮፕላን ላይ 15 ሜትር የሚጠጋ የሽቦ ቀለበት ገጥመው፣ ውኃው ላይ ዝቅ ብለው እየበሩ ፈንጂዎቹን ከላይ ያፈነዱ ነበር። ከእነዚህ የሚበሩ ማግኔቶች አንዳንዶቹ ግብፅ ድረስ ተልከዋል።

ቦዩ እስኪጸዳ ኢግል ቆሞ ሲጠብቅ ሶርድፊሾቹ በአየር ወደ ፖርት ሱዳን ተላኩ። የመርከብ አውሮፕላን ከመርከቡ ጋራዥ ወጥቶ በረሃ ላይ ሲጠገን ነው። መጋቢት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ከምፅዋ ያመለጡ ሁለት የጣሊያን አውዳሚ መርከቦችን፣ ናዛሪዮ ሳውሮንና ዳንኤሌ ማኒንን፣ አሰጠሟቸው። መጋቢት 30 ቀን ምፅዋ ወደቀች።

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የራሱን አውሮፕላኖች ከአየር ኃይሉ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር። ሲረከብ አውሮፕላኑንና አብራሪውን ማግኘት ቀላሉ ነገር ሆነለት፤ ያስቸገረው መካኒክ ነው። አብራሪ በወራት ይሠለጥናል፤ ጥሩ መካኒክ ዓመታት ይፈልጋል። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 የባሕር ኃይል አውሮፕላን ጥገናን በአንድ ሥርዓት ሲያስሩት ሥራውን በሦስት ደረጃ ከፈሉት። ስኳድሮኑ ራሱ የሚሠራው፣ ወርክሾፕ የሚሠራው፣ ወደ ትልቁ ፋብሪካ የሚላከው። የመተማውን ካሚዮን ያየ ሰው ይህ ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል። ሁሉንም መለዋወጫ በአንድ መኪና ጭነህ ግንባር አታስጠጋም።

ወደ አገራችን ልመለስ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ምፅዋ በወደቀች ልክ በአምስተኛ ዓመቷ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ሲ-47 ናቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት ሞተር፣ እያንዳንዱ ሞተር አስራ አራት ሲሊንደር። ደምሩት፤ በአንድ አውሮፕላን አራት ማግኔቶ፣ 56 ካንዴላ። መጀመሪያ ይጠግኑት የነበሩት አሜሪካኖች ናቸው። ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ተረከቡት። ዛሬ የሌላ አፍሪካ አገር አየር መንገዶች አውሮፕላናቸውን ለጥገና ወደ ቦሌ ያመጣሉ። ስለ አየር መንገዳችን ስናወራ ስለ አዳዲሶቹ ቦይንጎች ነው የምናወራው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ታሪክ ሃንጋሩ ውስጥ ያለው ነው።

ጣሊያንስ ምን ትቶልን ሄደ? ቋንቋ! ማንኛውም ሰፈር ጋራዥ ግቡና ጆሯችሁን ስጡ። ካንዴላ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ… መካኒኮቻችን ሳያውቁት ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ያወራሉ። የመተማን ሰማይ ለሁለት ቀን የያዘው ሠራዊት ተሸንፎ ወጣ፤ ካንዴላው ግን ቀረ።

አሁን ከጎንደር ወደ መተማ ስትወርዱ ገንዳ ውኃ ትደርሳላችሁ፤ ሸሕዲ የሚሏትም እሷን ነው። ከመንገዱ ጎን ለጎን ትላልቅ የብረት ማማዎች ተሰልፈው ወደ ሱዳን ይሄዳሉ። 230 ሺህ ቮልት የተሸከመ መስመር ነው፤ ከጎንደር በሸሕዲ አድርጎ፣ መተማን አልፎ፣ ገዳሪፍ። ኅዳር 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና ፕሬዚዳንት ኦማር አልበሽር ገዳሪፍ ላይ መርቀውታል። አጼ ዮሐንስ የወደቁበት፣ ታንኮቹ የተገተሩበት፣ ባጋት ፈንጂ የለቀመበት መንገድ ላይ የተዘረጋ ሽቦ ነው። ያን ጊዜ በምረቃው ላይ ስለ ወንድማማችነትና ስለ ቀጠናዊ ትስስር ብዙ ተብሏል። ስለ ማግኔት ያነሳ ሰው ግን ትዝ አይለኝም።

ሸሕዲ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር የማግኔቶዋ ታላቅ ወንድም ነው። ያው አንድ ብረት፣ ያው ሁለት ጥቅል ሽቦ፣ አንዱ ዙሩ ጥቂት፣ ሌላው ዙሩ ብዙ። የሚለየው ማግኔት የሚያዞር ሞተር ስለሌለው ብቻ ነው፤ የሚለዋወጠውን ኃይል ከሩቅ፣ ከግድቡ ጀነሬተር ያመጣለታል። ጠላቱም ያው የድሮው ነው። አቧራ፣ ሙቀት፣ ከሁሉም በላይ እርጥበት።

ትራንስፎርመር ይተነፍሳል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ውስጡ ያለው ዘይት ቀን ሲሞቅ ይሰፋና አየር ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና አየር ይስባል። ከውጭ የሚስበው አየር እርጥበት ይዞ እንዳይገባ፣ መተንፈሻው ጫፍ ላይ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ጨው የመሰለ ፍሬ ይደረጋል። ፍሬው እርጥበቱን ይጠጣል። እርጥበት ሲጠግብ ቀለሙ ይቀየራል፤ በብዛት ከሰማያዊ ወደ ሮዝ። አንድ ሰው ያንን መስተዋት በየጊዜው ሄዶ ማየት አለበት። ሰማያዊ ከሆነ ይመለሳል። ሮዝ ከሆነ አውጥቶ ይቀይረዋል።